ታዛቢው ከተኩስ አቁሙ ቀድሞ ሲደርስ



ዛሬ የምናገረው ሰላምን በመገንባት ሥራ ውስጥ የሰብአዊ መብት ድርሻ ምን እንደሆነ ነው። ሁለቱ ነገሮች በየንግግሩ አብረው ስለሚጠሩ አብረው የኖሩ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በድርድር ጠረጴዛ ዙሪያ ለብዙ ዘመን የገዛው አስተሳሰብ «መጀመሪያ ተኩሱ ይቁም፤ የመብቱ ነገር ቀስ ብሎ ይደርሳል» የሚል ነበር። ዛሬም አለ። ሸምጋዮች ይሉታል፣ ጄኔራሎች ይሉታል፣ ጦርነት ያንገሸገሸው ሕዝብም አንዳንዴ ይለዋል። ሕዝቡ ሲለው ይገባኛል። ልጁን ለነገ ለማድረስ የሚጨነቅ አባት ስለ እስረኛ አያያዝ ደንብ እንዲያስብ መጠበቅ ይከብዳል። ቢሆንም ይህ ቅደም ተከተል ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደዚያ እንደምል በአንዲት ትንሽ አገር ታሪክ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። አገሪቱ ኤል ሳልቫዶር ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አንድ ነገር ልበል። በ1945 የተፈረመው ቻርተር ሰላምንና የሰው ልጆችን መሠረታዊ መብት በአንድ መግቢያ ላይ አስፍሯል። በ1948 ሁለንተናዊው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲጸድቅ የድጋፍ ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በተግባር ግን ሁለቱ ሥራዎች በየፊናቸው ሄዱ። ሰማያዊ ቆብ ያጠለቀው ወታደር በሲና፣ በቆጵሮስ፣ በተኩስ አቁም መስመር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የመብት ጥሰት ሪፖርት ደግሞ ጄኔቭ ላይ በስብሰባ አዳራሽ ይነበባል። ወታደሩ ከመስመሩ ጀርባ ባለው እስር ቤት ምን እንደሚደረግ የመጠየቅ ሥልጣን አልነበረውም። ሪፖርቱን ያነበበውም ቢሆን ወደዚያ እስር ቤት የሚልከው ሰው አልነበረውም። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ተልእኮ ሥር አዋሕዶ መሞከር በእውነት የተጀመረው ኤል ሳልቫዶር ላይ ነው።

ኤል ሳልቫዶር በመካከለኛው አሜሪካ ካሉት አገሮች በስፋት ትንሿ ናት። በጦርነቱ ዘመን አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። እንደ እኛው ቡና አብቃይ ናት፤ የቡናው መሬት ግን በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ተይዞ ኖረ። በ1932 ገበሬው ሲነሣ መንግሥት በሺህ የሚቆጠር ሰው ጨፈጨፈ፤ በዚያን ጊዜ ከተረሸኑት መሪዎች አንዱ ፋራቡንዶ ማርቲ ነበር። በ1980 አምስት የታጠቁ ድርጅቶች ተባብረው የነጻነት ግንባር ሲመሠርቱ ስያሜያቸውን ከእሱ ወሰዱ። ከዚያ እስከ 1992 ድረስ መንግሥትና ግንባሩ ተዋጉ፤ 75,000 ያህል ሰው አለቀ። ዩናይትድ ስቴትስ ለመንግሥት ጦር ገንዘብ፣ መሣሪያና ሥልጠና ትሰጥ ነበር። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ በመሆኑ፣ ስለ መብት የጠየቀ ሁሉ በአንደኛው ወገን ሰላይ ተብሎ ይፈረጅ ነበር።

በዚያ ዘመን መዝገብ የያዘችው ቤተ ክርስቲያን ናት። የሳን ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ በየእሑዱ ስብከታቸው በሳምንቱ ውስጥ የተገደሉትንና የደረሱበት የጠፋውን ሰዎች ጉዳይ እየዘረዘሩ ያነብቡ ነበር። ስብከቱ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሬዲዮ ይተላለፋል፤ ገበሬው በየጎጆው ሆኖ ያዳምጣል። የተገደለው ሰው ጉዳይ በአደባባይ ሲነገር ቤተሰቡ ሐዘኑን የሚካፈለው ሰው እንዳለ ይረዳል፤ ገዳዩም እንደታወቀበት ይረዳል። መጋቢት 23 ቀን 1980 ሮሜሮ ወታደሮቹን በቀጥታ ተናገሯቸው፤ ወንድሞቻችሁን ግደሉ የሚል ትእዛዝ ከእግዚአብሔር ሕግ በላይ አይደለምና አትታዘዙ አሏቸው። በማግሥቱ በአንድ ሆስፒታል ጸሎት ቤት ቅዳሴ ላይ እንዳሉ በጥይት ተገደሉ። ምስክርነት እየሰበሰበ የሚጽፈው የቤተ ክርስቲያን የሕግ ቢሮ ግን ሥራውን አላቆመም። ያ ወረቀት በኋላ ምን እንደሠራ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ አንድ መንደር ልንገራችሁ። መንደሩ ኤል ሞሶቴ ይባላል፤ በሰሜን ምሥራቅ በሞራሳን ግዛት የሚገኝ ነው። በታኅሣሥ 1981 አትላካትል የተባለው በአሜሪካ አማካሪዎች የሠለጠነ ፈጥኖ ደራሽ ሻለቃ ወደ መንደሩ ገባ። ሕዝቡን ሰብስቦ ወንዶቹን ለብቻ፣ ሴቶቹን ለብቻ፣ ሕፃናቱን ለብቻ አደረገ። ከዚያ በየተራ ገደላቸው። በኤል ሞሶቴና በአካባቢው ባሉ መንደሮች አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። ሩፊና አማያ የምትባል እናት ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ተረፈች፤ ባሏንና አራት ልጆቿን አጣች። የሆነውን ተናገረች። በጥር 1982 ሁለት የአሜሪካ ጋዜጦች ታሪኩን በፊት ገጻቸው አወጡት። የሁለቱም አገሮች መንግሥታት ግን ጭፍጨፋ ለመፈጸሙ ማስረጃ የለም አሉ፤ ጋዜጠኞቹ በጠላት ፕሮፓጋንዳ ተታለሉ ተባለ። የሩፊና ቃል ለአሥር ዓመት ያህል እንደ አንድ ወገን ወሬ ተቆጥሮ ቆየ።

በ1992 መጨረሻ የአርጀንቲና የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን የቄሱን ቤት ፍርስራሽ ቆፈሩ። አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ ክፍል የ143 ሰዎች አጽም ወጣ፤ 131ዱ ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ነበሩ። አማካይ ዕድሜያቸው ስድስት ዓመት ገደማ ነበር። በአጽሙ መካከል 245 ቀለሃ ተለቀመ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከኤም 16 ጠብመንጃ የተተኮሱ ናቸው፤ ማህተማቸው የሚነበበው ደግሞ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ከሚገኝ ፋብሪካ የወጡ መሆናቸውን ያሳያል። በተኩስ ልውውጥ መካከል የሞቱ ተዋጊዎች ናቸው የሚለው ሙግት እዚያው ክፍል ውስጥ አበቃ። የስድስት ዓመት ልጅ ተዋጊ ነው ሊል የሚችል ሰው የለም።

ይህን በዝርዝር ያነሣሁት ስሜታችሁን ለመንካት ብዬ ብቻ አይደለም። የመብት ሥራ በእጅ ሲጨበጥ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነው። ሰዎች ሰብአዊ መብት ሲባል መግለጫና መፈክር ይታያቸዋል። ሥራው ግን ምስክር መስማት፣ ቀንና ቦታ መመዝገብ፣ አጥንት መቁጠር፣ ቀለሃ መልቀም ነው።

ወደ ድርድሩ እንመለስ። በኅዳር 1989 ግንባሩ ዋና ከተማዋ ሳን ሳልቫዶር ድረስ ዘልቆ ከባድ ጥቃት ከፈተ። ከተማዋን ሊይዝ አልቻለም፤ መንግሥትም ሊያጠፋው እንደማይችል ታየ። በዚያው ሰሞን፣ ኅዳር 16 ሌሊት፣ ያው የአትላካትል ሻለቃ ወታደሮች ወደ አንድ የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስድስት ካህናትን፣ የቤት ሠራተኛቸውንና የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጇን ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ ለድርድር ሲሟገቱ የኖሩት የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ኢግናሲዮ ኤያኩሪያ ነበሩ። ጦርነቱን በገንዘብ ይደግፍ የነበረው የዋሽንግተን ምክር ቤት ከዚያ በኋላ እጁን መሰብሰብ ጀመረ። የበርሊን ግንብም በዚያው ወር ፈርሶ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ማሸነፍ እንደማይችሉ ሲገባቸው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ፔሬዝ ደ ኩዌያር እንዲሸመግሉ ጠየቁ፤ እሳቸውም ፔሩአዊውን ዲፕሎማት አልቫሮ ደ ሶቶን ላኩ።

ድርድሩ ወዲያው አንድ ነገር ላይ ተቀረቀረ። የጦር ሠራዊቱ ጉዳይ ነው። ግንባሩ ሠራዊቱ ይፍረስ ይላል፤ መንግሥት አይነካም ይላል። በሐምሌ 1990 ኮስታ ሪካ ውስጥ በሳን ሆሴ ከተማ ተቀምጠው መላ ሲያጡ፣ ተደራዳሪዎቹ ወደ ሰብአዊ መብት አጀንዳ ዘወር አሉ። በአደባባይ ቆሞ «እኔ ማሰቃየትን እደግፋለሁ» የሚል ወገን የለምና፣ በዚህ ላይ መስማማት ተቻለ። ሐምሌ 26 ቀን 1990 የሰብአዊ መብት ስምምነት ተፈረመ። በመካከላቸው የተፈረመ የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ሰነድ ይህ ነው። ተኩስ አቁም ገና ሩቅ ነበር።

ስምምነቱ አጭር ነው፤ የተጻፈውም በሕይወት ላይ ያለ ሰው እንዲጠቀምበት ነው። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ማንም በሌሊት አይታሰር ይላል። የታሰረ ሰው ወዲያውኑ የታሰረበት ምክንያት ይነገረው፤ ራሱ የመረጠውን ጠበቃ ያግኝ፤ ከሰው ተነጥሎ አይያዝ፤ አይሰቃይ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህን የሚቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት ልዑክ እንዲቋቋም መፍቀዱ ነው። ልዑኩ ከማንም ሰው አቤቱታ መቀበል፣ ከማንም ጋር በነጻነትና ለብቻ መነጋገር፣ ማንኛውንም ቦታ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ መጎብኘት ይችላል። «ያለ ቅድመ ማስታወቂያ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። እስር ቤትን በቀጠሮ የሚጎበኝ ሰው የሚያየው የታጠበ ወለል ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡ ልዑኩ ጦርነቱ ሲቆም ሥራ እንዲጀምር ነበር። በኋላ ሁለቱም ወገኖች ቶሎ ይምጣልን አሉ። የጸጥታው ምክር ቤት በግንቦት 1991 ውሳኔ 693ን አሳለፈ፤ ኦኑሳል የተባለው ልዑክም ሐምሌ 26 ቀን 1991 ሥራ ጀመረ። የመብት ክፍሉን በመጀመሪያ የመሩት ፈረንሳዊው ዳኛ ፊሊፕ ቴክሲዬ ናቸው። ጦርነቱ ገና እየነደደ ታዛቢዎች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የፖሊስ መኮንኖች በየክፍለ ሀገሩ ቢሮ ከፍተው ተቀመጡ። ከዚያ በፊት በተባበሩት መንግሥታት ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። አደገኛ ነው፣ ይገደላሉ፣ ማንም አይሰማቸውም ያሉ ብዙ ነበሩ።

ምን ሠሩ? ጦርነቱን አላስቆሙም። ጥሰቱም አልጠፋም። በየወረዳው ግን ሰው አቤት የሚልበት በር ተከፈተ። የታሰረ ልጇን የምትፈልግ እናት ወደ ቢሮው ትመጣለች፤ ታዛቢው ወደ ካምፑ ሄዶ የእስረኞችን መዝገብ ይጠይቃል። ስሙ በመዝገብ ከሰፈረና ሦስተኛ ወገን ካየው፣ ያን እስረኛ ማጥፋት ከዚያ በኋላ ቀላል አይሆንም። ታዛቢዎቹ የመንግሥትን ብቻ ሳይሆን የግንባሩንም ጥፋት ጻፉ፤ ፈንጂ መቅበሩን፣ ያለ ፍርድ መግደሉን። ሁለቱም ወገኖች በሪፖርቱ ተቆጡ፤ ሁለቱም ግን ሪፖርቱን ማንበብ አላቆሙም።

የሰብአዊ መብትን ሥራ የሰላም ዋና መሣሪያ የሚያደርገው ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጫካ ያለ ተዋጊ መሣሪያውን ሲያስረክብ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ነገ ማን ይጠብቀኛል? ትናንት ወንድሙን ከቤቱ ወስዶ የገደለው ፖሊስ ነገም ያው ፖሊስ ከሆነ፣ ስምምነቱ ላይ ማንም ይፈርም ማን ጠብመንጃውን አይሰጥም፤ ቢሰጥም አንዱን ይቀብራል። መንግሥትም በበኩሉ ይጠይቃል፤ እነዚህ ሰዎች ከተማ ሲገቡ ማንን ይበቀላሉ? ለሁለቱም ፍርሃት መልሱ ከጄኔራሎች ቃል አይገኝም። የሚታመን ፖሊስ፣ የሚሠራ ፍርድ ቤት፣ በድንገት በሩን የሚያንኳኳ ታዛቢ ያስፈልጋል። ትጥቅ ማስፈታት ከሥሩ የመብት ጥያቄ ነው።

ለዚህ ነው ጥር 16 ቀን 1992 ሜክሲኮ ውስጥ በቻፑልቴፔክ ቤተ መንግሥት የተፈረመው የመጨረሻው ስምምነት አብዛኛው ክፍሉ ስለ ሠራዊት፣ ስለ ፖሊስና ስለ ፍትሕ የሆነው። የሠራዊቱ ቁጥር በግማሽ እንዲቀንስ ተወሰነ። በግድያ የሚታወቁት የጸጥታ ኃይሎች ፈረሱ። በምትካቸው ብሔራዊ ሲቪል ፖሊስ ተቋቋመ፤ 20 በመቶው ከቀድሞ የግንባሩ ተዋጊዎች፣ 20 በመቶው ከቀድሞ ፖሊሶች፣ የቀረው 60 በመቶ ከሁለቱም ካልነበሩ አዳዲስ ወጣቶች ተመለመለ። የሰብአዊ መብት እምባ ጠባቂ ተቋም ቆመ። ሦስት የአገሪቱ ዜጎች የሆኑ ሲቪሎች የመኮንኖችን የግል ማኅደር መርምረው ከ100 የሚበልጡት እንዲሰናበቱ ወይም እንዲዛወሩ ወሰኑ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ራሳቸው ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። ለአፈጻጸሙ ብዙ ግፊት አስፈልጓል፤ ተፈጽሟልም።

ተኩስ አቁሙ የካቲት 1 ቀን 1992 ተጀመረ፤ ጦርነቱም ተመልሶ አልመጣም። በግንቦት 1993 ኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ ውስጥ ግንባሩ ደብቆት የነበረ የመሣሪያ ክምችት ፈንድቶ ሲጋለጥ ሰላሙ ሊፈርስ ይችል ነበር። አልፈረሰም። ሁለቱም ወገኖች ቅሬታቸውን የሚያቀርቡበት፣ ሁለቱም ያመኑት ታዛቢ በመካከላቸው ስለነበረ ይመስለኛል። በብዙ አገሮች ከዚያ ያነሰ ምክንያት ስምምነት አፍርሷል።

የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽኑም የዚሁ ስምምነት ፍሬ ነው። ሦስቱ አባላት የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ የቀድሞ የኮሎምቢያ ፕሬዚዳንት ቤሊሳሪዮ ቤታንኩር፣ የቬኔዝዌላው ሬይናልዶ ፊጌሬዶ፣ እንዲሁም በልጅነታቸው ከአውሽዊትዝ የተረፉት የሕግ ሊቅ ቶማስ በርገንታል። ከ22,000 በላይ አቤቱታ ደረሳቸው። ከአቤቱታዎቹ 85 በመቶ ያህሉ የመንግሥትን ኃይሎች፣ አጋሮቻቸውንና የግድያ ጓዶችን፣ 5 በመቶ ያህሉ ግንባሩን የሚከሱ ነበሩ። ቀደም ሲል ያነሣሁት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እዚህ ላይ ነው የጠቀመው። በጦርነቱ መካከል የተጻፈው ምስክርነት ባይኖር ኮሚሽኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ያን ያህል ሊደርስ ባልቻለ ነበር። መጋቢት 15 ቀን 1993 ሪፖርቱ ወጣ፤ ጥፋተኞችንም በስም ጠራ። የሮሜሮን ግድያ ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ ካህናቱን ማን እንዳስገደለ፣ ከንቲባዎችን ያስገደሉት የግንባሩ አዛዦች እነማን እንደሆኑ ተናገረ። ስለ ኤል ሞሶቴም የሩፊና አማያ ቃል እውነት እንደሆነ አረጋገጠ።

ከአምስት ቀን በኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት ጠቅላላ የምሕረት አዋጅ አወጣ።

አምስት ቀን! ሟቾች ለአሥራ ሁለት ዓመት የጠበቁትን እውነት ቤተሰቦቻቸው ገና አንብበው ሳይጨርሱ ፍርድ ቤቱ ተዘጋ። ከዚህ ላይ የኤል ሳልቫዶር ታሪክ ለሁለት ይከፈላል። ታዛቢው ቀድሞ መምጣቱ ሰላሙ እንዲጸና ረዳ፤ ይህ የማይካድ ውጤት ነው። ፍርዱ በመቅረቱ ግን ጉልበተኛ አይጠየቅም የሚለው ልማድ ከጦርነቱ ወደ ሰላሙ ተሻገረ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ችሎት አዋጁን የሻረው በሐምሌ 2016 ነው፤ ከ23 ዓመት በኋላ። ከካህናቱ ገዳዮች ጉዳይ አንዱ በመስከረም 2020 የተፈረደው በስፔን ፍርድ ቤት እንጂ በአገራቸው አይደለም፤ የቀድሞው ኮሎኔል ኢኖሴንቴ ሞንታኖ 133 ዓመት ተፈረደባቸው። የኤል ሞሶቴን ጉዳይ የያዘው ዳኛ ደግሞ በ2021 ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ዳኞችን ከሥራ ባሰናበተ ሕግ ምክንያት መዝገቡን ሳይጨርስ ቀረ።

ስምምነቱ ሌላም የተወው ነገር አለ፤ እንጀራ። የመሬትና የኑሮ ጥያቄ ጦርነቱን ካስነሡት ነገሮች ዋናው ሆኖ ሳለ፣ በድርድሩ ማብቂያ ላይ በችኮላ ታለፈ። ከሎስ አንጀለስ የተባረሩ ወጣቶች ይዘዋቸው የመጡት የወንበዴ ቡድኖች በሥራ አጡ ወጣት ላይ ነገሡ። በ2015 ከ100,000 ሰው ከ100 በላይ ይገደል ነበር፤ በዚያ ዓመት በዓለም ከሁሉ የከፋው ቁጥር ነበር። በመጋቢት 2022 መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ፤ ከዚያ ወዲህ ከ80,000 በላይ ሰዎች ታስረዋል። ግድያው እጅግ ቀንሷል። እናቶች ልጆቻቸውን ያለ ስጋት ትምህርት ቤት ይልካሉ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ግን አዋጁ ያገዳቸውን መብቶች ተመልከቱ፤ የታሰረ ሰው የጠበቃ መብት፣ የታሰረበትን ምክንያት የማወቅ መብት። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ የሚቆይበት ጊዜ ከ72 ሰዓት ወደ 15 ቀን ከፍ አለ። በ1990 ጠላቶች ተቀምጠው የተስማሙባቸው መብቶች እነዚህ ራሳቸው ናቸው። ዳኛ ሳያየው የሚታሰረው ሰው ወንበዴ ይሁን አይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ንጹሕ ሰው በመካከሉ ሲጠፋ ደግሞ የሚያለቅሰው አንድ ቤተሰብ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ታዛቢውን ሳያስቀድሙ ተቃራኒውን መንገድ የሄዱ አገሮች ምን ገጠማቸው? ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። በሚያዝያ 1993 የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ዘጋቢ ሴኔጋላዊው ባክር ዋሊ ንጃይ ሩዋንዳን ጎበኙ። በቱትሲዎች ላይ የተፈጸሙትን ግድያዎች መርምረው፣ ዘር ማጥፋት የሚለው ቃል ለዚያች አገር ሊሠራ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ሪፖርት በነሐሴ አቀረቡ። በዚያው በነሐሴ ወር የአሩሻ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሪፖርቱ ጄኔቭ ቀረ፤ የሰላም አስከባሪው ጦር በጥቅምት ሲቋቋም ማስጠንቀቂያው በእጁ አልነበረም። በሚያዝያ 1994 የተጀመረው እልቂት በመቶ ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ከተላኩት ሰላም አስከባሪዎች መካከል የእኛ ወታደሮች ነበሩ፤ የደረሱት ግን ከሆነ በኋላ ነው።

ሁለተኛዋ ሴራሊዮን ናት። በሐምሌ 1999 በሎሜ በተፈረመው ስምምነት የሰው እጅ ሲቆርጥ የኖረው አማፂ ቡድን ሙሉ ምሕረት አገኘ፤ መሪው ፎዳይ ሳንኮ የማዕድን ሀብቱን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ሊቀ መንበር ተደረገ። የተባበሩት መንግሥታት ተወካይ ፍራንሲስ ኦኬሎ ግን ሲፈርሙ በእጅ ጽሑፍ አንድ ማስገንዘቢያ ጨመሩ፤ ምሕረቱ ዘር ማጥፋትን፣ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎችንና የጦር ወንጀሎችን አይመለከትም የሚል። ዓመት ሳይሞላ በግንቦት 2000 አማፂዎቹ 500 ያህል ሰላም አስከባሪዎችን ያዙ፤ ምሕረቱ ሰላም አልገዛም። ያቺ በእጅ የተጻፈች ማስገንዘቢያ ግን በ2002 ልዩ ፍርድ ቤት ሲቋቋም መንገዱን ክፍት አድርጋ አቆየች። በዚያ ፍርድ ቤት የላይቤሪያው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር በ2012 50 ዓመት ተፈረደባቸው።

«ፍትሕ እያላችሁ ሰላም ታዘገያላችሁ» የሚሉኝን ሰዎች ክርክር በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ቅጣት የሚፈራ አዛዥ ከድርድር ሊሸሽ ይችላል፤ እውነት ነው። ግን ሰብአዊ መብት ማለት ክስ ብቻ አይደለም። ዛሬ የሚደረግ አለ፤ መመልከት፣ መመዝገብ፣ እስር ቤት መግባት። ይህ ለአንድ ቀንም መዘግየት የለበትም፤ ማንንም ከጠረጴዛ አያስነሣም። በስምምነቱ ውስጥ የሚጻፍ አለ፤ የፖሊስና የዳኝነት ለውጥ። ቅጣቱ መቼና እንዴት ይሁን የሚለው ላይ መደራደር ይቻላል፤ በሩን ለዘለዓለም መቆለፍ ግን አይቻልም። ኤል ሳልቫዶር ሁለቱን ሠርታ ሦስተኛውን ቆለፈች፤ ዋጋውን እየከፈለች ነው።

ስለ ራሳችን ጥቂት ልበል። ኤል ሞሶቴን የቆፈሩት አርጀንቲናውያን ባለሙያዎች በ1990ዎቹ አዲስ አበባ መጥተው የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አጽም በማውጣት ረድተዋል። እኛ በዚያን ጊዜ የመረጥነው የክስ መንገድ ነበር፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1992 ተቋቁሞ የዋነኞቹ የደርግ ባለሥልጣናት የጥፋተኝነት ውሳኔ በታኅሣሥ 2006 ተሰጠ። በፍርድ ቤት የተረጋገጠ መዝገብ አለን፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን የፈረድነው በተሸነፈው ላይ ነው። የአሸናፊን ጥፋት የሚመለከት ሥርዓት አልሠራንም፤ ፖሊሳችንና እስር ቤታችንም ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው ሲተላለፉ ያረጀ ጠባያቸውን ይዘው ተሻገሩ።

የሰሜኑን ጦርነት ለማስቆም ኅዳር 2 ቀን 2022 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት በአንቀጽ 10 ተጠያቂነትን፣ እውነትን ማውጣትን፣ ለተጎጂዎች መካስንና ዕርቅን የያዘ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲዘጋጅ ይላል። ፖሊሲው በሚያዝያ 2024 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። በጎ ነው። ቁጥጥሩን በተመለከተ ግን ስምምነቱ ያስቀመጠው ከ10 የማይበልጡ አፍሪካውያን ባለሙያዎችን ነው፤ ትኩረታቸውም በዋናነት በተኩስ ማቆሙና በትጥቅ መፍታቱ ላይ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የመርማሪ ባለሙያዎች ኮሚሽን ዘመንም በጥቅምት 2023 ሳይታደስ አበቃ። ትግራይ ውስጥ የተደፈረችው ሴት፣ አማራና አፋር ክልል ልጇ የተገደለባት እናት፣ አቤት ብላ የምትሄድበት፣ ሁሉም ወገን ያመነው በር አልተከፈተላትም። በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ደግሞ ዛሬም ተኩስ አለ፤ እዚያም ማን እየመዘገበ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

በዚህ አዳራሽ የሕግ ተማሪዎች፣ ጋዜጠኞች፣ የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች አላችሁ። ነገ ከመካከላችሁ በድርድር ጠረጴዛ የሚቀመጥ ይኖራል። እለምናችኋለሁ፤ የስምምነት ረቂቅ ሲቀርብላችሁ ስንት ከባድ መሣሪያ ይረከባል የሚለውን ከማንበባችሁ በፊት፣ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ እስር ቤት የሚገባው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ካልተጻፈ አስጽፉ። ዛሬውኑም በየአካባቢያችሁ የጠፋውን ሰው ጉዳይ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ያየውን ምስክር መዝግባችሁ በጥንቃቄ አስቀምጡ። ተኩስ እስኪቆም አትጠብቁ።